ከደብረ ብርሃን አጋሮ፦ የልጄ ጥናትና የባሌ እጅ

ከጅማ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የወሬ ቤት ሆኗል። ጨው ልትገዛ የመጣችው ሁሉ «እትዬ አስካለ፣ እንዴት ነበር ታዲያ?» ብላ ባንኮኒው ላይ ትደገፋለች። እኔም ከግቤ በረሃ ጀምሬ ሰኮሩ ሳልደርስ ሌላ ገዢ ይገባና ወሬው ይቋረጣል። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ተነሣሁ። አብዛኞቻችሁ ከሸኖ ወዲያ ስለማትሄዱ ጅማን በእኔ ዓይን እዩት። ትንሽ ብኩራራ ቻሉኝ፤ እውነቱን ለመናገር የጻፍኩትም ልኩራራ ብዬ ነው።

ለማያውቀን ሰው ልንገር። ባሌ ታደሰ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ያለ ኮምፓስ፣ በባዶ እጁ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ድፍን ክብ ይሥል ነበር፤ ተማሪዎቹ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙት የሚያነሡለት ያንን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እርምጃውም አጠረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለው። ከዚያ ወዲህ ታደሰ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ኖረ። ማኅበር ቀረ፣ ሰርግ ቀረ፣ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ መቅረብ ቀረ። ልጃችን ምሕረት ደግሞ ጅማ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር ሄዳ ከበሽታ ሁሉ ያንኑ በሽታ መርጣ አረፈችው። የሰውነት መከላከያ ከፓርኪንሰን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ነው ያጠናችው። ዓርብ ጥናቷን በፈታኞች ፊት ስለምታቀርብ ሁለታችንም እንድንገኝላት ለመነችን።

ሰኞ

ታደሰን ከቤት ማስወጣት ከጅማ መንገድ ይረዝማል። ማለዳ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደተጋገረ፣ ጋቢውን ደርቦ በሩ ላይ ቆመና ቃል አስገባኝ። ጅማ ይሄዳል፣ ልጁን ይስማል፣ አዳራሽ ግን አይገባም። ለምን ስለው «እዚያ ስገባ ሰው የሚያየው እሷን አይደለም፤ እኔን ነው። ‹በሽታው ራሱ መጣ› ነው የሚሉት» አለኝ። ተናደድኩ። ልጅቷ ዓመታት የለፋችበትን ነገር በአባቷ ኪስ የተነሣ ያለ አባት ልታቀርበው ነው። ግን መንገድ ላይ ሰው አይሰደብም፤ ሻንጣዬን አነሣሁ። አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ አደርን። እራት ሲቀርብ መንገዱ አንገላቶኛል ብሎ ተኛ። እህቴ ወጥ አልጣመውም ብላ ተቀየመችኝ።

ማክሰኞ

የጅማው አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ተነሣ። ወልቂጤ ድረስ ያው የእኛው አገር ነው፤ ጤፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጥጃ። ከወልቂጤ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። ግቤ ስንደርስ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። እኛ ከተማ ሰው ነሐሴን ሙሉ የማያወልቀውን ሹራብ በጥቅምት አውልቄ በእቅፌ ይዤ ሄድኩ። ድልድዩን ስንሻገር ጉማሬ አለ ብለው ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ተንጠለጠለ። እኔ ያየሁት ድንጋይ ነው፤ ጉማሬ ነው ካሉ ጉማሬ ነው።

ከግቤ ሽቅብ እንደወጣን የታደሰ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። የክኒኑ ሰዓት ደርሷል። ክኒኑን ብፈልገው የለም፤ ለካ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ ሻንጣው ደግሞ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከአሥር ማዳበሪያ ሥር ታስሯል። አይ አስካለ! የራሴን ሎሚና ብስኩት በእጄ ይዤ የሰውየውን መድኃኒት ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። ሰኮሩ ለምሳ ስንቆም ለሹፌሩ ነገርኩት። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ። ምሳውን ትቶ ራሱ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ገመዱን ሁሉ ፈትቶ፣ ማዳበሪያውን አንድ በአንድ አንሥቶ ሻንጣዬን አወረደልኝ። አንድ ተሳፋሪ ሰዓት ሄደብን ብሎ ሊያጉረመርም ሲል «አባትህ ቢሆኑስ?» አለውና ዝም አሰኘው።

ታደሰ ክኒኑን ዋጠ፣ ምሳ ግን አልበላም አለ። ሰኮሩ ምግብ ቤት ሰው የሚቀመጠው ካገኘው ጋር ነው፤ የተቀመጥንበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነጋዴዎች «አባባ፣ ይቅረቡ» ብለው ትሪያቸውን ገፋ አደረጉለት። ታደሰ እጁን ኪሱ እንደከተተ «ጽጌን እየጾምኩ ነው» አለ። እኔ አፌ ውስጥ የነበረው እንጀራ ሊያንቀኝ ምንም አልቀረው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ የጾመ ይጾማል፣ ያልጾመ የሚወቅሰው የለም። ታደሰ ካገባሁት ጀምሮ አንድ ቀን ጽጌን ጾሞ አያውቅም። ነጋዴዎቹ ግን «እግዜር ይቀበልልዎ» ብለው አከበሩት። ዘዴው እንደሠራለት ባየ ጊዜ ፊቱ ፈካ።

ጅማ ስንገባ ዝናብ ይዘንባል። ምሕረት መነኻሪያ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች፤ ከስታለች፣ ግን ቆንጆ ናት። ባጃጅ ይዛ ጊንጆ ጉዱሩ የሚባል ሰፈር፣ የተከራየችበት ቤት ወሰደችን። አከራይዋ የመንዝ ሰው ሆና ተገኘች! የገዛ አልጋዋን ለእኛ ለቅቃ እሷ ሳሎን መሬት ላይ ተኛች። ብንል ብንሠራ አሻፈረኝ አለች።

ረቡዕ

እዚህ አገር አቮካዶ ከዛፍ ወድቆ መንገድ ላይ ይረገጣል። እኛ ጋ በጋቢ ተጠቅልሎ በታክሲ የሚመጣው አቮካዶ! ሣሩ አጥር ላይ ይወጣል፣ አጥሩ ራሱ ይበቅላል። አንዲት ባለ ሱቅ ስኳር ስትመዝንልኝ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው፤ ሁለቱም ቋንቋ ከአንድ አፍ እንደዚያ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አጨዋወታቸው ደስ ይላል፤ አንቺ ብለው አይጀምሩሽም።

ከሰዓት ዝናቡ ስላላስወጣን ምሕረት በረንዳ ላይ አስቀምጣን ስለ ጥናቷ አስረዳችን። እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሰውነታችን ውስጥ ጀርም ሲገባ የሚዘምቱ ጠባቂዎች አሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሶች ናቸው። አንጎልም የራሱ ጠባቂዎች አሉት፤ ቆሻሻ ይጠርጋሉ፣ የተበላሸ ያነሣሉ። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው አንጎል ውስጥ አንድ ፕሮቲን ቅርጹን ስቶ ይጓጉላል። ጠባቂዎቹ ያንን የጓጎለ ነገር ሲያዩ ባዕድ የገባ ይመስላቸውና ይቆጣሉ። ቁጣው በርዶ ማለቅ ሲገባው አይበርድም። ሰውነታችንን እንደልብ እንድናንቀሳቅስ የሚረዳ ዶፓሚን የሚባል ነገር አለ፤ እሱን የሚሠሩት ሕዋሶች በዚያ ግርግር መሐል ያልቃሉ። ደም ውስጥ ካሉት ነጭ ሕዋሶችም አንዳንዶቹ ያንን ፕሮቲን እንደ ጠላት ለይተው ሲያጠቁት ተገኝተዋል አለችን።

እኔ «እንደ እኛ ሰፈር ዘበኛ በይኛ» አልኳት። ታስታውሱታላችሁ፤ ሌባ ያዝኩ ብሎ በዱላው የሱቄን መስታወት ያረገፈውን። ሳቀችና «በትክክል እማዬ» አለች። ታደሰ ግን አልሳቀም። «ታዲያ ቤቱን ያፈረሰው ሌባው ነው ዘበኛው?» ብሎ ጠየቃት።

«እሱን ነው አባዬ ማንም ያልደረሰበት» አለችው።

«የገዛ ሰውነቴ ነው እንግዲህ የሚጣላኝ» አለና ወደ ዝናቡ ዞረ።

እራት ለብቻው ክፍል ውስጥ በላ። ረቡዕ ስለሆነ ሁላችንም ጾመኞች ነን፤ የእሱን ጽጌ የጠረጠረ የለም።

ሐሙስ

ምሕረት ከፈተናው በፊት አጋሮ ወስዳ ከአንድ ሰው ጋር ልታገናኘን ፈለገች። አባ ራያ ይባላሉ፤ ቡና ገበሬ ናቸው፣ እሳቸውም ያው በሽታ አለባቸው። ጥናቷ የታመሙትን ሰዎች ደም በዕድሜ እኩያቸው ከሆኑ ጤነኞች ደም ጋር ማነጻጸር ነበር። መጀመሪያ በየቡና ከተማው ስትዞር ደሙን የሚሰጣት አጥታ ነበር። የታመመው በቤተሰቡ ተደብቋል፤ ጤነኛው ደግሞ ደሜን ምን ልታደርጊው ነው ይላታል። አባ ራያ ግን ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሰው ሳይበተን መስጊዱ ደጃፍ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የሚንቀጠቀጠውን ክንዳቸውን ለመርፌው ሰጡ። ከዚያ በኋላ ሰው መጣላት። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ወደ አጋሮ የሚወስደው መንገድ ሁለት ወገኑ ደን ነው፤ ጫካ መስሏችሁ ጠጋ ስትሉ ግን ሥሩ ሁሉ ቡና ነው። ጊዜው የለቀማ ነው። ቀዩ ቡና በየደጁ በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። አንድ ወንዝ ዳር የቡና መፈልፈያ አለ፤ ገለባው ተከምሮ ይበሰብሳል። ግማቱን አልነግራችሁም! የኮምጣጤና የበሰበሰ ጠላ አተላ አንድ ላይ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ መስኮቱን ዘጋ። ታደሰ ብቻ የራሱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ወንዙን እያየ «እንዴት ያምራል!» ይላል። ከኋላ ያለችው ሴትዮ «አባባ፣ በአላህ ይዝጉልን» አለችው። «ምነው?» አለ ደንግጦ።

ምሕረት አፍንጫዋን የያዘችበትን እጇን አወረደችና አየችው። «አባዬ፣ ምንም አይሸትህም?» አለችው። አይሸተኝም አለ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ እጁ ከመንቀጥቀጡ ከብዙ ጊዜ በፊት እንደሆነ፣ ዕድሜ ነው ብሎ እንደተወው ነገራት። ሽሮው ምድጃ ላይ ሲያር አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነበው ለካ ለዚህ ነው። ምሕረት እንዳለችን ብዙ ታማሚዎች መጀመሪያ የሚያጡት ሽታ ነው፤ ሆዳቸውም አስቀድሞ ይደርቃል። አፍንጫና አንጀት ከውጭ የሚገባውን ነገር ፊት ለፊት የሚቀበሉ ደጃፎች ናቸው። አንዳንድ ተመራማሪዎች የጠባቂዎቹ ቁጣ እዚያ ደጃፍ ላይ ተጀምሮ ወደ አንጎል ይወጣ ይሆን እያሉ ይጠረጥራሉ። «ይጠረጥራሉ ነው ያልኩት» አለች፤ ልጄ ያላወቀችውን አወቅሁ አትልም።

አባ ራያ ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው አዴ ዘሃራ በር ድረስ ወጥተው በኦሮምኛ «ኮታ፣ ኮታ!»፣ በአማርኛ «ግቡ!» እያሉ አቅፈው ሳሙን። አባ ራያ ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው። ሁለቱም እጆቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ አይደብቁትም። የታደሰን ግራ እጅ ጨብጠው፣ ቀኙ ኪስ ውስጥ መሆኑን አዩና ወደ ውስጥ መሩን።

አሁን ጉድ መጣ። እናንተ ሰዎች፣ እስላም ቤት በእንግድነት ሄዳችሁ አታውቁ ይሆናል። እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። አዴ ዘሃራ ይህን አስበው ለእኛ ሲሉ ከማለዳው በግ አስገዝተው፣ ደበበ የሚባለውን ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርተው በስመ አብ ብሎ እንዲያርድ አድርገዋል። ልባችን እንዳይጠረጥር ድስቱንና ትሪውን ሳይቀር ከደበበ ሚስት ተውሰዋል። እንዲህ ያለ መከበር ደርሶብኝ አያውቅም። ምሳው ሊቀርብ ሲል ታደሰ ጉሮሮውን ጠራረገና «እኔን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ጽጌን እየጾምኩ ነው» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ደበበ አንገቱን ደፋ፤ በጉን ያረደው እሱ ነው። ምሕረት ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። አዴ ዘሃራ ግን «ጾም ነው? ኧረ ይቀበልልዎ፣ ምን ችግር አለ!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡና ቅቤ ያልነካው ሽሮ በዘይት፣ ጎመን፣ ድንች ይዘው ተመለሱ። አባ ራያም በርጩማቸውን ጎትተው ታደሰ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ጋሪ ነው» አሉ፤ መልካም ነው ማለታቸው ነው። «በጉን ቢበሉ ኖሮ እርስዎ በዚያ ትሪ፣ እኔ በዚህ ትሪ ነበርን። ሽሮ ሃይማኖት የለውም። አብረን እንበላለን።»

ታደሰ ተያዘ። ከሰው ትሪ ሊያመልጥበት የፈጠረው ጾም ጎትቶ ከሰው ትሪ ላይ አስቀመጠው። አባ ራያ «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ከጉርሻቸው ግማሹ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ፤ ረጋ ብለው የቀረውን ጎረሱ። ከዚያ ታሪክ ይነግሩት ጀመር። በሽታው የጀመራቸው ሰሞን እሳቸውም ከሰው ጋር መብላት አፍረው ነበር። ከረመዳን በኋላ የሸዋል ስድስት ቀን የሚባል የፈቃድ ጾም አላቸው፤ የወደደ ይጾመዋል። እሳቸውም ሰው ሲጠራቸው «የሸዋልን እየጾምኩ ነው» ማለት ጀመሩ። ስድስቱ ቀን አላልቅ አላቸው። ወሩ አለቀ፣ ሌላው ወር ገባ፣ አሁንም ሸዋል ነው ይላሉ። በመጨረሻ አዴ ዘሃራ «ሰውዬ፣ ሐጃጆች እንኳ ወደ መካ ተነሥተው ሄዱ፣ የአንተ ሸዋል አያልቅም ወይ?» አሏቸው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታደሰም ሳቀ፤ ምን ያህል ጊዜ ሆኖታል እንደዚያ ከሳቀ! አባ ራያ ግን ሳቃቸውን ገታ አድርገው ጎንበስ አሉለት።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ የእርስዎ ጽጌ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ታደሰ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ሽማግሌ ሰው እንደ ሙሽራ አቀርቅሮ አንዲት ቁራሽ ቆረሰ። አባ ራያ ደግሞ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፉ ላኩ። የሚያጎርሰውም ይንቀጠቀጣል፣ የሚጎርሰውም ይንቀጠቀጣል፤ ሽሮው አገጩን፣ ክራባቱን፣ ነጭ ሸሚዙን አዳረሰው። ታደሰ አጸፋውን መለሰ፤ የአባ ራያም ጢም ሽሮ ሆነ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ትሪ ሽሮ እየተለቃለቁ ሲሳሳቁ ምሕረት ነጠላዬን ይዛ አለቀሰች። በጉን እኔና ደበበ ተወጣነው፤ ግሩም በግ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት ታደሰ ስለ አዳራሹ ምንም አላነሣም። እኔም አልነካሁትም፤ ከትናንቱ በኋላ መገፋፋት ያበላሸዋል ብዬ። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ስንገባ ታደሰ ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጠና «ግቢ አንቺ» አለኝ። ገባሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። ተማሪው ከየአገሩ ነው፤ ከትግራይ፣ ከወላይታ፣ ከጎጃም፣ ከሐረር። አባ ራያ ጁምዓን ጅማ እሰግዳለሁ ብለው ከአጋሮ ማለዳ መጥተው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ቆመች። እኔ ያጠብኳት፣ ንፍጧን የጠረግሁላት ልጅ ናት ያንን ሁሉ ሰው ዝም ያሰኘችው! የታመሙት ሰዎች ደም ውስጥ የቁጣ መልእክት የሚያደርሱት ነገሮች ከጤነኞቹ በልጠው እንዳገኘቻቸው ተናገረች። መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ሁለቴም ሥዕሏን ትታ በቃሏ ቀጠለች።

ከፈታኞቹ አንዱ፣ ጥቁር መነጽር ያለው ቆፍጣና ሰው፣ በጥያቄ ይቆነጥጣት ጀመር። በመጨረሻ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ቁጣው ነው በሽታውን ያመጣው ወይስ በሽታው ነው ቁጣውን ያመጣው?» አላት። የታደሰ ጥያቄ! በረንዳ ላይ ሒሳብ መምህሩ የጠየቃትን!

«አላውቅም» አለች። «አንድ ጊዜ በተቀዳ ደም ይህ አይታወቅም። ሰዎቹ ገና ሳይታመሙ ጀምሮ ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል። እኔ ማለት የምችለው የእኛም ሰው ደም እዚህ ጥያቄ ውስጥ እንዲገባ ማድረጌን ነው።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ወደ ውጭ አስወጡን፣ ተመካከሩ፣ ጠሩን። አልፋለች፤ በከፍተኛ ማዕረግ! እልልታዬን የሰማ ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ማን ይከለክለኛል? ዞር ስል ታደሰ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። መቼ እንደገባ አላየሁም። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ «ሽማግሌ ይመርቅልን» ብለው ወደ አባ ራያ ጠቆሙ። አባ ራያ ከወንበራቸው አልተነሡም። «አባቷ እዚህ ቆሞ እኔ አልመርቅም» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ወደ በሩ ዞረ። ሰው ለምርቃት ብድግ አለ። ምሕረት ሄዳ እግሩ ሥር ተንበረከከች።

ምርቃት በአንድ እጅ አይሆንም። ታደሰ ሁለቱንም እጆቹን አወጣና መዳፎቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ቀኙ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል፣ ያ ሁሉ ተማሪና ሐኪም ያየዋል።

«ስታጠኑት የከረማችሁት ይኸው ነው፤ እዩት» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዝቅ ብሎ፣ «ልጄ፣ ያወቅሽው ይባረክልሽ። አላውቅም ያልሽውን ተማሪዎችሽ የሚያውቁት ያድርገው።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ። አባ ራያ «አሚን» አሉ። ያ ቆፍጣና ፈታኝ መነጽሩን አውልቆ አሜን አለ። እኔ አፈኛዋ ብቻ ድምፅ አጣሁ። ታደሰ ቀጠለ፤ ሐኪሞቹን መረቀ፣ አጋሮን መረቀ፣ ደም የሰጡትን ሁሉ መረቀ። ረጅም ምርቃት ነበር። እስኪጨርስ ድረስ እጆቹን አላወረደም።